ጎሚስታ በሌለበት፦ የባጃጅን ጎማ በራስ እጅ መቀየር

ውጫሌ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን አንቀጽ 17 ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አማርኛው አንድ፣ ጣሊያንኛው ሌላ ብሎ ነገሩ በዓድዋ መለየቱን ከተማሪ ቤት ጀምሮ እናውቃለን። የዛሬዋ ውጫሌ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ከሐይቅ ቀጥሎ የሚያገኛት የአምባሰል ወረዳ ከተማ ነች። በእሷም እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ባጃጅ ሰዉንም ዕቃውንም ያመላልሳል። የጎማ ሥራ ቋንቋ ደግሞ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛውን አልለቀቀም። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ጎሚስታ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ከመነዳሪ የምንለውም «ካሜራ ዳርያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ነው። በእነዚህ ቃላት ትርጉም ግን የተጣላ የለም።

ባጃጁ ራሱም ከጣሊያን የሚዘመድበት መንገድ አለው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሥራውን ያጠናከረው የጣሊያኑን የፒያጆን ቬስፓ በፈቃድ በማምረት ነበር። ትንሿ ባለ 8 ኢንች እግርም የዚያ ዘመን ውርስ ነች። ይህን ያነሳነው ለታሪክ ጣዕም ብቻ አይደለም። የባጃጅ ቸርኬ እንደ አውቶሞቢል አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን በአብዛኛው ሁለት ግማሾች በዳዶ ተያይዘው የተሠራ ነው። ጎማውን ያለ ማሽን፣ በሁለት መፍቻ ብቻ፣ ቤት ውስጥ መቀየር የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባጃጅ ገዝተው ለዘመድ ወይም ለሹፌር የሰጡ የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር የቀኑ ገቢ አብሮ ይተነፍሳል። ጎሚስታ በቅርብ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ወይም ሌሊት ከሆነ ሹፌሩ ያገኘውን መፍቻ ይዞ መፍታቱ አይቀርም። በመሆኑም ሥራውን ማወቁ ለሹፌሩም ለባለንብረቱም ይጠቅማል።

በእግሩ ላይ ሁለት ዓይነት ዳዶዎች አሉ። አንደኞቹ እግሩን ከፍሬኑ ድራም ጋር የሚያያዙት ሲሆኑ ሁለተኞቹ የቸርኬውን ሁለት ግማሾች እርስ በርስ የሚያያዙት ናቸው። እግሩን ለማውለቅ የሚፈቱት የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው። ሁለተኞቹ ጎማው ውስጥ አየር እያለ ከተፈቱ ግማሾቹ በታመቀው አየር ተገፍተው እንደ ጥይት ይፈናጠራሉ። እጅ፣ ፊት፣ ዓይን የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህንኑ እንዲያስታውስ እንመርጣለን።

ሥራው የሚጀመረው ባጃጁን ደልዳላ ቦታ በማቆም ነው። የአምባሰል መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛው የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤ ከቀሩት እግሮች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ከዚያ እግሩ መሬት ላይ እንዳለ ዳዶዎቹን በግማሽ ዙር ማላላት ይገባል። እግሩ ከተነሳ በኋላ ጠንካራ ዳዶ ለመፍታት መታገል ባጃጁን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ብዙ ሹፌሮች ክሪክ ስለሌላቸው ባጃጁን ለሁለት ለሦስት ሆነው በጎኑ ያጋድሉታል። ፈጣን ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ከታንከሩ ቤንዚን፣ ከባትሪው አሲድ ሊፈስ ይችላል። አጠገቡ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከጎማ ያልፋል። አነስተኛ ክሪክና አንድ ጠንካራ ግንድ መያዝ ይሻላል።

እግሩ ከወለቀ በኋላ አየሩን ጨርሶ ማውጣት ያስፈልጋል። የቫልቮላውን ክዳን ጫን ጫን አድርጎ ማስተንፈስ አይበቃም። በውስጡ ያለችው ትንሽ መርፌ ተፈትታ መውጣት አለባት። ከዚያም ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ሰደድ አድርጎ መንገዱ በቆሻሻ አለመደፈኑን ማረጋገጥ ነው። ጎማው በእግር ሲረገጥ እንደ ከረጢት መጨማደድ ይኖርበታል። አሁን የጎማውን ከንፈር ከቸርኬው ላይ በዙሪያው ረግጦ ማላቀቅ፣ ቀጥሎም ሁለተኞቹን ዳዶዎች መፍታት ይቻላል።

ግማሾቹን ከማለያየት በፊት ቫልቮላው ያለበትን ቦታ በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ግን ጊዜ የሚቆጥብ ልማድ ነው። ከመነዳሪው ነፋ ተደርጎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳው ከቫልቮላው ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ይታያል። ያንኑ ያህል በጎማው ላይ ሲለኩ የወጋው እሾህ ወይም ሚስማር በዚያው አካባቢ ይገኛል። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ከውጭ አይታይም። እሱን ሳያወጡ የተጠገነውን ከመነዳሪ መመለስ ነገ ደግሞ ለመፍታት መዘጋጀት ነው። የጎማውን ውስጥ በባዶ እጅ ከመዳበስ በጨርቅ መጥረግ ይመረጣል፤ ጨርቁ በተያዘበት እሾሁ አለ።

ቀዳዳውን ለመድፈን ከመነዳሪውን በአሸዋ ወረቀት ሸካራ ማድረግ፣ ማስቲሽ በስሱ መቀባትና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በእርጥቡ መለጠፍ ከትዕግሥት ማጣት የሚመጣ ስህተት ነው። ቀዳዳው ከቫልቮላው ሥር ከሆነ ግን መጠገን አያዋጣም፤ ከመነዳሪው ይቀየር። የጎማው ጎን ከተሰነጠቀም እንዲሁ ጎማው ይለወጣል እንጂ አይለጠፍም።

አዲስ ጎማ ሲገዛ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። በባጃጅ ጎማ ላይ የሚገኘው 4.00-8 የሚለው ቁጥር ስፋቱ 4 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 8 ኢንች ማለት ነው። ሌላው አራት አሃዝ ያለው ቁጥር የተመረተበትን ጊዜ ይነግራል። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲል አልተነዳም ማለቱ ሊሆን ይችላል። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ ጎማ ግን ሳይነዳም ያረጃል።

መልሶ ሲገጠም ከመነዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ጥቂት አየር ይሰጠዋል። የታልክ ዱቄት ቢነሰነስበት አይጣበቅም፣ አይታጠፍም። ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ ከመነዳሪው በመሐላቸው እንዳይነከስ ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በተርታ ሳይሆን በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከፊት ለፊቱ እያሉ ነው። የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ቸርኬ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ ይቁም፤ በብየዳ የተጠገነ ቸርኬ ላይ ሰው ማሳፈር አይገባም።

ሲነፋ ከጎን መቆም እንጂ ከላዩ ማጎንበስ አይገባም። የአየሩን መጠን የአምራቹ መመሪያ ይወስነዋል፤ የፊቱና የኋላው ይለያያል። በአውራ ጣት ተጭኖ «በቃው» ማለት ልኬት አይደለም። አንዳንዱ መለኪያ በባር፣ ሌላው በፒኤስአይ ስለሚያሳይ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል መሆኑን ማወቅ ከመሳሳት ያድናል። ልኬቱም የሚወሰደው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው።

ለእርሻ ወይም ለመዝናኛ የሚውለው ባለ አራት እግር ሞተር ያላቸው ሰዎች ነገሩ እንደ ባጃጅ እንደማይቀል ይወቁ። ቸርኬው አንድ ወጥ ነው፣ በአብዛኛውም ከመነዳሪ የለውም። የሚነዳው በጣም በዝቅተኛ አየር፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ባር በታች ስለሆነ ከንፈሩ ከቸርኬው እንዳይላቀቅ ጠብቆ ተሠርቷል። ከባዱ ሥራም እሱን ማላቀቅ ነው፤ የሳሙና ውሃ፣ ረጃጅም የብረት ማንሻዎችና ትዕግሥት ይጠይቃል። የመኪና መለኪያ ያን ያህል ዝቅተኛ አየር በትክክል አያነብም፤ ለብቻው የተሠራ መለኪያ አለው። አዲሱ ጎማ ከቸርኬው ጋር አልገጥም ሲል ዙሪያውን በማሰሪያ አጥብቆ መንፋት ይረዳል፤ በጎኑ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን ማለፍ የለበትም። በኢንተርኔት እንደሚታየው ቤንዚን ረጭቶ ክብሪት መጫርን በተመለከተ፣ ቪዲዮው የሚያሳየው የተሳካለትን ሰው መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ባጃጁ ከክሪኩ ከወረደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና በመስቀለኛ ይጠብቃሉ። በተፈታ እግር ላይ ዳዶ ትንሽ ከተሄደ በኋላ መላላቱ የተለመደ ስለሆነ አንዴ ማጥበቅ አያስተማምንም። ውጫሌ ላይ ቀይረው የተነሱ ከሆነ ሐይቅ ሳይደርሱ አንድ ቦታ ቆም ብለው በመፍቻ ይሞክሯቸው።