የወንጪ ደሴትና የጠላቂዎች ሙያ

ከጌዶ ተነስቶ ጸጥ ያለ ደሴት ማየት የሚፈልግ ሰው ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። በጉደር አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ከሄደ ወንጪ ነው። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራው ፈንድቶ መሐሉ ሲሰምጥ ጎድጓዳው ውሃ ሞላበት፤ ከውሃው ላይም የወንጪ ቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ብቅ ብሎ ይታያል። አገሩ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ እንኳ አይርቅም። ሐይቁ ግን 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተኛ፣ በሐሩር ክልል ያለ ደሴት ሆኖ ጋቢ ያስለብሳል።

ከአፋፉ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ በእግር ወይም በፈረስ ይኬዳል። ፈረሱን የሚስቡት የአካባቢው ልጆች ናቸው። የእንሰት ጓሮ፣ ኮሶና አስታ ይታለፋሉ፤ ታች ሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃና ጠበል አለ። ወደ ደሴቱ በጀልባ ይሻገራሉ። እዚያ ጫማ ይወልቃል፣ ድምፅ ይቀነሳል፣ ፎቶ ለማንሳት አባቶች ይጠየቃሉ። ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ታቅፏል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። ይገባዋልም።

ብዙም ሳይርቅ በግንጪ በኩል ደንዲ አለ። እሱም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ሁለት ክብ ውሃዎች ተያይዘው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ሠርተዋል። የደንዲ ውሃ በሁሉቃ ወንዝ ወርዶ ጉደርን፣ ከዚያም ዓባይን ይቀላቀላል። የወንጪው ግን በወልጋ በኩል ወደ ኦሞ ሄዶ ቱርካና ይገባል። ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ወደ ሜዲትራንያን፣ ሌላው ወደ ደቡብ በረሃ!

እንዲህ ያለ ውሃ ያየ ሰው ከሥሩ ምን እንዳለ ማወቅ መመኘቱ አይቀርም። በቀይ ባሕር የዳህላክ ሰዎች ዕንቁ ለመልቀም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠልቁ ነበር። የዛሬው ጠላቂ አየሩን በጀርባው ይሸከማል። ይህን ያስቻለው እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን የሠሩት ሬጉሌተር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ታምቆ የገባውን አየር፣ ጠላቂው በሳበ ቁጥር ከከበበው ውሃ ግፊት ጋር አመጣጥኖ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ሕግ ከዚህ ይመነጫል፦ ሲወጡ ትንፋሽ አይያዝም። ወደ ላይ ሲመጡ ግፊቱ ስለሚቀንስ የታፈነው አየር ተለጥጦ ሳንባን ይቀድዳል።

ሁለተኛው ሕግ የናይትሮጅን ነው። በጥልቀት ሲቆዩ ይህ ጋዝ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለው ከወጡ በትንፋሽ ይወገዳል። ተጣድፈው ከወጡ ግን፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው፣ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አረፋው መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ኅብለ ሰረሰርን ይጎዳል፣ ሲብስም ይገድላል።

ወንጪ ከባሕር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በከፍታው ምክንያት ከሐይቁ በላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በባሕር 10 ሜትር የወረደ ሰው ግፊቱ እጥፍ ይሆንበታል፤ በወንጪ ለዚያ 7 ሜትር ተኩል እንኳ አያስፈልግም። በወንጪ 30 ሜትር መውረድ ለመውጫው ስሌት ባሕር ውስጥ ከ40 ሜትር በላይ እንደ መውረድ ይቆጠራል፤ 40 ሜትር ደግሞ ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች የመጨረሻ ወሰን ነው። ለባሕር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ እዚህ ያሳስታል። ጨው አልባ ውሃ አካልን የማንሳፈፍ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ለክብደት ወገብ ላይ የሚታሰረው እርሳስም ይቀነሳል። ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው በፈረስ ወደ አፋፉ ቢወጣ ግፊቱ ይብሱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ሰዓታት ማረፍ ግድ ነው።

ጉዳዩ ወንጪን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የተባለውን ዓሣ ለማየት ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚሄዱ ጠላቂዎች አሉ። የሚመለሱባት አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ በበረራ ላይ ካለ አውሮፕላን ውስጥ ካለው ብዙም አይለይም። የጠላቂዎች መመሪያ ከአንድ ቀላል መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አትብረሩ ይላል። ወደ ደጋ በመኪናም ሆነ በባቡር የሚመለስ ሰው ይህንኑ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባል።

የወንጪን ውበት ለማየት መጥለቅ ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ለአብዛኛው መንገደኛ ጀልባው ይበቃል። ስትሄዱ የአካባቢውን አስጎብኚና ፈረስ ቅጠሩ፣ በጀልባ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ፣ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። መጥለቅ የምትሹ ደግሞ በመጀመሪያ በከፍታ ቦታ የመጥለቅ ሥልጠና ውሰዱ፤ ያለ እሱ ወንጪ ውስጥ አትግቡ።