አፍንጫን በጨው ውሃ ስለ ማጠብ

ጉንፋን በበረታ ጊዜ፤ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ የሚገኙት ሳይነስ የተባሉት ክፍት ስፍራዎች መውጫቸው በእብጠት ይዘጋና ንፍጥ ይታቆርባቸዋል፤ የራስ ምታትና የፊት መክበድም ከዚህ ይመጣል። ለዚህ ሕመም አፍንጫን ለብ ባለ የጨው ውሃ ማጠብ ደግ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ውሃው ያልፈላ እንደ ሆነ ነፍስን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል፤ በ2011 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ በአሜሪካ በሉዊዚያና ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባልፈላ የቧንቧ ውሃ በማጠባቸው፤ በዓይን የማይታይ አሜባ ወደ አንጎላቸው ዘልቆ ገድሏቸዋል። ስለዚህ እመቤቶቻችንን የምናሳስበው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲፈላ፤ ለብ ሲልም ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንዲጨመርበት ነው። ዓይን ቢያብጥ፤ ወይም ሕመሙ ከ10 ቀን ቢያልፍ ግን፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።