ኑዛዜን የሚያጸናው ማኅተም አይደለም

የውርስ ክርክር ይዘው ጠበቃ ዘንድ የሚመጡ ሰዎች ኑዛዜውን ከፖስታው ሲያወጡ መጀመሪያ የሚያሳዩት ማኅተሙን ነው። «ውልና ማስረጃ የጸደቀ ነው፤ ማን ያፈርሰዋል?» ይላሉ። ሟች በገዛ እጁ የጻፈውን ወረቀት የያዙት ደግሞ «ጠበቃ አላየው፣ ማኅተም የለው» እያሉ ከወዲሁ ተስፋ ቆርጠው ይቀርባሉ። ችሎት ፊት ግን ማኅተም ያለበት ሊፈርስ፣ በእጅ የተጻፈው ሊጸና ይችላል። ይህን መደጋገም ያደክማል፤ እምነቱ ግን ከዓመት ዓመት አይነቃነቅም። ኑዛዜን ራስ መጻፍ ይሻላል ወይስ ጠበቃ መያዝ የሚለው ጥያቄም መልሱ የሚሳተው ከዚሁ እምነት የተነሣ ነው። ጠበቃ የማያስፈልገው ሰው ለማኅተሙ ሲል ገንዘብ ይከፍላል፤ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ማኅተሙን አግኝቻለሁ ብሎ ምክር ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ለተራው ሰው ያደላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በጠበቃ ይጻፍ አይልም፤ እንዲያውም ኑዛዜ የተናዛዡ የግል ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው በእርሱ ፋንታ ሊናዘዝለት እንደማይችል ይደነግጋል። ያስቀመጣቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው፣ ወይም እርሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ጽሑፉ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ መገለጽ አለበት፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ይህ ምስክር አያሻውም፤ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀንና ፊርማ መያዝ ግን ግድ ነው። ሦስተኛው በ2 ምስክሮች ፊት የሚነገረው የቃል ኑዛዜ ሲሆን፣ አቅሙ እጅግ የተወሰነ ነው፦ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ስለሚሾም አሳዳሪ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ። በነፍስ አባትና በሽማግሌዎች ፊት የተነገረ የመጨረሻ ቃል የቱንም ያህል ቢከበር፣ በሕግ ፊት ቤት አያስተላልፍም። ከመስፈርቶቹ መካከል ማኅተም የለም። በእጅ የተጻፈ የኋላ ኑዛዜም የጸደቀውን የፊተኛውን ሊሽር ይችላል።

ይህን ስል ሰነድ ማረጋገጥ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቀኑን ያስረግጣል፣ «ፊርማው የእርሱ አይደለም» የሚለውን ክርክር ያከብዳል፣ ወረቀቱ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። የማይሠራው ግን ይበልጣል። አረጋጋጩ ሹም ሰነዱን መርምሮ ቢቀበለውም፣ የተናዛዡን የትዳር ታሪክ፣ ሌላ ከተማ ያደገውን ልጁን፣ ቤቱ በማን ገንዘብ እንደተሠራ ከወረቀቱ ሊያውቅ አይችልም። ከጸደቀ በኋላ የሚለወጠውንም ማኅተሙ አያስቆምም። ኑዛዜው ከተደረገ በኋላ ልጅ ቢወለድና ውርሱን ቢቀበል፣ በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች በመርሕ ቀሪ ይሆናሉ፤ ፍርድ ቤት በከፊል ሊያጸናቸው ቢችልም ነገሩ ወደ ክርክር ገባ ማለት ነው። ትዳሩ በፍቺ ቢፈርስ ለባል ወይም ለሚስት የተተወው ስጦታም እንዲሁ ቀሪ ነው።

የቅርጹን ሥራ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ራሱ ሊወጣው ይችላል፤ ኑዛዜዎች በቅርጽ ጉድለት ሲፈርሱ ማየት የሚያናድደውም ለዚህ ነው። ልጅ በኮምፒዩተር ጽፎ አባት የፈረመበት ገጽ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ አይባልም፤ 4 ምስክሮች ከሌሉት በግልጽ የተደረገም አይደለም። ተዋደው የኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ የሁለቱም ቃል ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መጻፍ ነበረባቸው። በእጅ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ዘንድ ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። እነዚህን ለማስተካከል የጥብቅና ክፍያ አያስፈልግም፤ ቀድሞ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ጠበቃ የሚያስፈልገው ለይዘቱ ነው። ልጁን ከውርስ ለመንቀል የሚፈልግን አባት እንውሰድ። ሕጉ ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ ካልተገለጸ ንቀሉ ዋጋ የለውም ይላል። ምክንያቱ ሲገለጽ ዳኛው የሚመረምረው «ይህ እውነት ነው ቢባል ልጅን ለመንቀል ይበቃልን?» የሚለውን ብቻ ነው፤ ነገሩ መፈጸም አለመፈጸሙን አያጣራም። ስለዚህ የጉዳዩ ክብደት በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ያርፋል። «አስቀይሞኛል» ብሎ የጻፈ አባት ለዳኛው የሚመዝነው ነገር አልሰጠም። ልጁ ምን እንዳደረገ፣ መቼና እንዴት እንደበደለው ለይቶ የጻፈ ግን ሰጥቷል። ልጁን ዝም ብሎ ማለፍም መፍትሔ አይሆንም። ሀብቱን በሙሉ ለሌላ ሰው ቢናዘዝና የልጆቹን ስም ባያነሣ፣ ልጆቹ ተነቅለዋል አይባልም።

የትዳር ጉዳይም ከዚህ አይቀልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ በሕግ ወራሽ አይደሉም፤ ያለ ኑዛዜ አንዱ ከሌላው ውርስ ድርሻ አያገኝም። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት፣ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። «ቤቴን ለልጆቼ» ብሎ የተናዘዘ ሰው እንግዲህ የራሱ ያልሆነውን ግማሽ ጭምር እየሰጠ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ትዳር የተወለዱ ልጆች፣ የንግድ ማኅበር ድርሻ፣ የባንክ ዕዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም፣ በራሱ ሕግ የሚመራ የገጠር መሬት ይዞታ ሲጨመሩ ስሌቱ ይወሳሰባል። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። በእንግሊዝ አገር ኑዛዜ በ2 ምስክሮች ይጸናል። የለንደን ነዋሪ እዚያ የለመደውን ቅጽ ሞልቶ አዲስ አበባ ያለውን ቤት ቢናዘዝበት፣ 4 ምስክር በሚጠይቅ ሕግ ፊት ለወራሾቹ ክርክር ያወርሳል።

የጠበቃ ዋጋ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ኑሮው የከበደበትን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ክፈል ማለት ተገቢ አይደለም። ለዚህ ነው ሥራውን ለሁለት መክፈል የሚበጀው። ተናዛዡ ረቂቁን ራሱ ጽፎ፣ ያሉትን ልጆችና ንብረቶች ዘርዝሮ፣ ይዘቱ ላይ ብቻ ምክር ቢጠይቅ ሙሉ ሰነድ ከማስጻፍ ያነሰ ያወጣል። ወንድማማቾች ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ለሚያደርጉት ሙግት ከሚያወጡት ጋር ሲተያይ ደግሞ ጥቂት ነው፤ የሚጠፋውን ወንድማማችነት በገንዘብ ማስላትም አይቻልም። ጠበቃም ይሳሳታል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ጠበቃ ያዘጋጀውንም ተናዛዡ ቃል በቃል አንብቦ ካልገባው አይፈርም። ቤተሰቡን ሳይጠይቅ፣ ከሌላ ሰው ኑዛዜ ስም ቀይሮ የሚሰጥ ጠበቃ ከማኅተሙ የተሻለ ጥበቃ አላደረገም። ኑዛዜ ማንሣት ሞትን መጥራት ነው ለሚሉት የምመልሰው አጭር ነው፦ ሳይናዘዙ የሞቱትም ሞተዋል፤ ልዩነቱ የቀረው በልጆቻቸው ላይ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሁሉም ልጆች የሚታወቁ ከሆነ፣ የሚነቀል ከሌለ፣ ንብረቱም ቀላልና ያላከራከረ ከሆነ፣ በገዛ እጅዎ ጽፈው፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አኑረው፣ በጊዜው ለመዝገብ ቤት ያስረክቡ፤ ወይም ከኑዛዜው ምንም የማያገኙ 4 ምስክሮች ጠርተው ያስነብቡ። አንድ ልጅ የሚነቅሉ፣ ከአንድ በላይ ትዳር ያለዎት፣ የትዳር ጓደኛዎን ድርሻ ያልለዩ ወይም በሁለት አገር ንብረት ያለዎት ከሆነ ግን ከመጻፍዎ በፊት የውርስ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ትዳር ሲፈርስ ወይም ቤት ሲሸጥ ኑዛዜዎን አውጥተው እንደገና ያንብቡት።