የመንገድና የመፍቻ ወንድማማችነት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ያደገው ወጣት፥ የምግብ ራሽን በ1954 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈጽሞ ቀርቶ ከደመወዙ ጥቂት ማትረፍ በጀመረ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የተመኘው ሞተር ብስክሌት ነበር። መኪና ከፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ አቅም በላይ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ግን በየወሩ እየተከፈለ የሚገዛ፥ ከጠባቡ ሰፈር ወደ ሰፊው ጎዳና የሚያወጣ፥ ወጣቱም የእኔ ነው ብሎ የሚኮራበት የመጀመሪያ ንብረቱ ሆነለት። እነዚያ ወጣቶች በኅብረት መጓዝንና የገዛ ሞተራቸውን በገዛ እጃቸው መጠገንን እንዴት አንድ ሥርዓት እንዳደረጉት ማወቅ፥ ሞተር ብስክሌት ላልነካ ሰው እንኳ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ከመሰብሰቢያ ቦታዎቻቸው ሁሉ ስሙ የገነነው በለንደን ሰሜን ምዕራብ፥ ኖርዝ ሰርኩላር በተባለው አውራ ጎዳና ዳር የሚገኘው ኤስ ካፌ ነበር። በ1938 ለመንገደኞች ተከፍቶ፥ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ፈርሶ፥ በ1949 እንደ ገና የታነጸው ይህ ቤት ቀንም ሌሊትም ስለማይዘጋ፥ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሱ ሞተረኞች ሻይ እየጠጡና ሙዚቃ እየሰሙ፥ ስለ ካንዴላና ስለ ካርቡራቶር እየተከራከሩ ያመሹበት ነበር። የክብራቸው መለኪያ በሰዓት 100 ማይል፥ ማለት 160 ኪሎ ሜትር ያህል፥ መድረስ ነበር፤ የራስ ቁር ማድረግ በብሪታንያ በሕግ የታዘዘው በ1973 ነውና፥ ብዙዎቹ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ሲበሩ በለጋ ዕድሜያቸው ተቀጥፈዋል። ጋዜጦች ክፉ ክፉውን ብቻ ይጽፉባቸው፥ የመዝናኛ ቤቶችም በራቸውን ይዘጉባቸው ነበር።

በዚያው ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ሃክኒ ዊክ በተባለው የሠራተኞች ሰፈር፥ በቅድስት ማርያም ዘኢተን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ጆን ኦትስ የተባሉ ረዳት ቄስ በ1959 ለአካባቢው ወጣቶች አንድ ክበብ አቋቁመው፥ ከዘመኑ ስም ወስደው ፊፍቲ ናይን ክለብ ብለውት ነበር። የደብሩ አለቃ ቄስ ዊልያም ሸርጎልድ፥ በኋላ ወጣቶቹ አባ ቢል ያሏቸው፥ ራሳቸው ሞተር ብስክሌት ነጂ ስለ ነበሩ፥ በየመንገዱ የሚሞቱትንና በየደጁ የሚባረሩትን እነዚያን ልጆች ያለ እረኛ መተው ከሕሊናቸው አልስማማ አላቸው። ስለዚህ በ1962 የክህነት አንገትጌያቸውን በሻርፕ ሸፍነው፥ ተዋርጄ እባረራለሁ የሚለውን ፍርሃታቸውን አሸንፈው፥ ወደ ኤስ ካፌ ሄዱና ለሞተረኞች ብቻ የሚደረግ ጸሎት መዘጋጀቱን እየዞሩ ነገሯቸው። ወጣቶቹም በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ በቀጠሮው ቀን መጡ፤ ሞተር ብስክሌት ከቤተ መቅደሱ ውስጥ ገብቶ ቡራኬ ሲቀበል ታየ። በዚያው ዓመት የክበቡ የሞተረኞች ክፍል ተመሠረተ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉም አባላቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት፥ ትራያምፍም ይሁን ቢ.ኤስ.ኤ. ወይም ኖርተን፥ ባለቤቱን ሳያስተምር አያገለግልም ነበር። እጅግ በሚወደዱት ዓይነቶች ሁለቱ ፒስቶኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ ንዝረቱ ብርቱ ነው፤ ንዝረቱም ቡሎን ያላላል፥ የመብራት ሽቦ ይበጥሳል፤ የሞተሩ ሆድ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ የሚገጠም በመሆኑም መጋጠሚያው በደከመ ቁጥር ዘይት ያንጠባጥባል። ለጋራዥ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ወጣት ታዲያ ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ ሞተሩን አቁሞ ማዘን፥ ወይም ከሚያውቅ ባልንጀራ መማር። በአገራችን ገበሬ የጎረቤቱን እርሻ በደቦ እንደሚያርስ ሁሉ፥ እነርሱም ዛሬ የአንዱን፥ ነገ የሌላውን ሞተር እየፈቱ አብረው ይጠግኑ ነበር።

አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን ብንመለከት ነገሩ ይብራራልናል። በሞተር ውስጥ የገባው አየርና ቤንዚን በካንዴላው ብልጭታ የሚቀጣጠለው ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ ነው፤ ብልጭታው ቢቸኩል ሞተሩ ይንኳኳል፥ ቢዘገይ ኃይሉ ይደክማል። ይህን ጊዜ የሚወስኑት በማግኔቶው ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ የብረት መነካኪያዎች ናቸው፤ የሚላቀቁባትም ቅጽበት በዓይን አትታይም። ስለዚህ አንዱ ባልንጀራ ስስ የሲጋራ ወረቀት በሁለቱ መካከል አግብቶ በጣቶቹ ጫፍ ሳብ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ በእጁ በዝግታ ያዞራል፤ በካንዴላው ቀዳዳ የገባው ቀጭን ዘንግ ፒስቶኑ የት እንደ ደረሰ ይነግራቸዋል። ወረቀቱ ከተነከሰበት ሾልኮ የወጣባት ቅጽበት ብልጭታው የሚወለድባት ቅጽበት ናት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወረቀት፥ ዘንግ፥ ትዕግሥትና ሁለት ሰው ነው።

ሌላውም ጥበብ እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በ1959 የወጣው የትራያምፍ ቦነቪል የቫልቮላ ክፍተት በመግቢያው 0.05፥ በመውጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሆን የታዘዘው ለቀዝቃዛ ሞተር ነውና፥ ገና ትኩስ ሳለ የለካ ሰው ልኩን ይስታል። ካቴና በዙሪያው ሁሉ እኩል አያልቅምና፥ ጎማውን እያዞሩ እጅግ የከረረበትን ቦታ ሳያገኙ ማጥበቅ ካቴናውንም ኩሽኔታውንም ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ በአንድ መስመር ይናገረዋል፤ በልብ የሚያድረው ግን ልምድ ያለው ሰው እጅህን ይዞ ሲያሳይህ ነው።

የዚህ የጋራ ጥበብ ታላቁ ፍሬ ትራይተን የተባለው ሞተር ብስክሌት ነው። ኖርተን በ1950 ለእሽቅድምድም ያወጣው፥ የቤልፋስቱ ሬክስ ማክካንድለስ የነደፈው ፌዘርቤድ የተባለው ሻንሲ፥ በመታጠፊያ ላይ ለመጽናቱ ወደር አልነበረውም፤ የትራያምፍ ሞተር ደግሞ በጉልበቱና በመለዋወጫው ብዛት የተመሰገነ ነበር። በዚያን ጊዜ በትንንሽ መኪና የሚሽቀዳደሙ ሰዎች የኖርተንን 500 ሲ.ሲ. ሞተር ሲፈልጉ፥ ፋብሪካው ለብቻው አልሸጥም ስለሚል ሙሉውን ሞተር ብስክሌት ገዝተው ሞተሩን አውጥተው ይወስዱ፥ ሻንሲውን ይተዉ ነበር። ሞተረኞቹም ያን የተተወ ሻንሲ አግኝተው፥ ማያያዣ ሳህኖቹን ከብረት ቆርጠው፥ ካቴናው በአንድ መስመር እንዲውል አስተካክለው፥ የትራያምፍን ሞተር ገጠሙበት። ትራይተን ከሁለቱ ስሞች ተጋጥሞ የተሰየመ፥ ከፋብሪካ ይልቅ ከየጓሮው የተወለደ ሲሆን፥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መካሪዎች ተሳትፈውበታል።

በኅብረት መጓዝም የራሱ ሥርዓት አለው። ጎን ለጎን መንዳት ለድንገተኛ ነገር ማምለጫ ስለማይተው፥ ተጓዦች በሚነዱበት መስመር ውስጥ አንዱ በግራ፥ ቀጣዩ በቀኝ እየተፈራረቁ፥ ከፊት ለፊታቸው ካለው ቢያንስ በሁለት ሰከንድ፥ በሰያፍ ካለው በአንድ ሰከንድ ይርቃሉ፤ መንገዱ በተጠማዘዘ ጊዜ ግን ሁሉም በአንድ ረድፍ ይሆናሉ። ዛሬ በብሪታንያ ማኅበራት ዘንድ የታወቀው ደግሞ ይህ ነው፤ መሪው ከመስቀለኛ መንገድ ሲደርስ ለሁለተኛው ተጓዥ በእጁ ያመለክታል፤ ያም ሰው ለአደጋ በማያጋልጠው ቦታ ቆሞ፥ የመጨረሻው ጠባቂ እስኪደርስ ድረስ ለሚከተሉት ሁሉ መንገዱን ያሳያል፤ ከዚያም ከጠባቂው ፊት ገብቶ ጉዞውን ይቀጥላል። እንዲህ ባለው ሥርዓት ሁለተኛ የነበረው በፈቃዱ ኋለኛ ይሆናል፥ ሁሉም በየተራው መንገድ ጠቋሚ ይሆናል፥ ደካማውም ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ እንዲከንፍ የሚያስገድደው ነገር የለም። ትሕትና በቃል ሳይሰበክ በሥራ የሚታይበት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዞውና ጥገናው የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። ምክር በየቦታው በነጻ ይገኛል፤ የነጻ ምክር ሁሉ ግን ጤናማ አይደለም፤ በተለይ የፍሬን፥ የጎማና የመሪ ነገር በስሕተት ከተሠራ ሕይወት ያስከፍላል። በማኅበር በሚጓዙ ሞተረኞች መካከል ምክር የሚታመንበት ምክንያት፥ መካሪው ራሱ በማግሥቱ ከተመካሪው ኋላ በጥቂት ሜትር ርቀት ስለሚነዳ ነው፤ ያጠበቀው ዳዶ ቢላላ፥ ያስተካከለው ፍሬን ቢከዳ፥ አደጋው እርሱንም ያገኘዋል። ስለዚህ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፤ የሚያውቀውንም ደጋግሞ ይመረምራል። ሊቃውንት ፍቅረ ቢጽ የሚሉት ነገር በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ይህን የመሰለ ተጨባጭ መልክ አለው፤ የባልንጀራህን ደኅንነት ከራስህ ደኅንነት ለይተህ እንዳታየው ያደርጋል።

በ1964 በክላክተን፥ በማርጌትና በብራይተን የባሕር ዳርቻዎች በሞተረኞችና ሞድስ በተባሉት ወጣቶች መካከል ጠብ ተነሥቶ አገሩ ሁሉ በወጣቶቹ ላይ ሲፈርድ እንኳ፥ የክበቡ በር ክፍት ነበር። ኤስ ካፌ በ1969 ተዘግቶ በ2001 ታድሶ እንደ ገና ሥራውን ጀመረ፤ አባ ቢል በ2009 ዐረፉ፤ ክበቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። የቆየበትን ምክንያት በፍጥነት ፍቅር ብቻ መመለስ አይቻልም፤ ፍጥነት ከወጣትነት ጋር ያልፋል፤ አብሮ መጠገንና አብሮ መጓዝ ያስተሳሰራቸው ሰዎች ግን በሽምግልናቸውም ይፈላለጋሉ።

እንግዲህ ሞተር ብስክሌት የምትነዳ አንባቢ ሆይ፥ ከመነሣትህ በፊት ጎማህን፥ ፍሬንህን፥ መብራትህን፥ ዘይትህንና ካቴናህን ተመልከት፤ የራስ ቁርህን አጥብቀህ እሰር፤ ያወቅኸውን ላላወቀው ባልንጀራህ ሳትሰስት አሳየው። የማትነዳውም አንባቢ፥ በሰፈርህ ሞተር ከበው እጃቸው በዘይት የጠቆረ ወጣቶች ብታይ ለመውቀስ አትቸኩል፤ አንዱ ሌላውን እያስተማረ ነውና፥ የምትችል ብትሆን መብራትና ጥላ ያለው ቦታ ስጣቸው።