ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም!



እዚህ ጋምቤላ አንዲት እህት ካርድ አውጥታ መጣች። «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ካለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በስልክ ህክምና ጀምሬ ነበር። ሁለቴ ከፍዬ አልቻልኩም፤ አፍሬ ስልኳን ማንሳት ተውኩ» አለችኝ። እንቅልፍ ማጣቱም ተመልሶባታል። (ታሪኩን ያካፈልኩት በፈቃዷ ነው።)

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. አንድ ቀጠሮ ስንት ብር ነው? ስንት ደቂቃ? ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። በአንድ ቀን ስለማያልቅ የወሩን አስሉ።
2. ብቀር ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ እከፍላለሁ?
3. ለማይችል ሰው ቅናሽ አለ?
4. ምስጢሬ እንዴት ይጠበቃል? በአኙዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ማውራት ከፈለጋችሁ አስተርጓሚው ማን ነው? ዘመድ ባይሆን ይመረጣል።

ብር ካጠራችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ፤ ለባለሙያው ንገሩት። ቀጠሮውን ማራራቅ ወይም ወደ መንግሥት ሆስፒታል መላክ ይቻላል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ስለ ዋጋ አታስቡ። ብቻችሁን ሳትሆኑ፣ አሁኑኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት።