የፊደል ማኅበርተኞች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ጥቂት በእግሩ የሄደ ሰው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል፤ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ግቢ ነው። በጸደይ ወራት ቀን ከቀናው ከውስጥ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ይሰማዋል። ከበሮ ግን አይደለም፣ እግር ነው። አንድ ዓይነት የለበሱ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ወጣቶች በቁመት ተደርድረውና አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጣብቆ መሬቱን እየረገጡ ይገባሉ። የመሥራቾቻቸውን ስም ያለ ትንፋሽ ይወርዱታል። ከዚያ ጭምብሉ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ስሙን፣ የመጣበትን ከተማ፣ በሰልፉ ውስጥ ያለውን ቁጥርና ታላላቆቹ ያወጡለትን ቅጽል ስም ይጮኻል። ተመልካቹ ያብዳል። ቀኑ «ፕሮቤት» ይባላል፤ አዲስ ገቢዎች ለአደባባይ የሚበቁበት ነው።

ልጁን እዚያ ያስገባ ሐበሻ ወላጅ ይህን አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጭምብል፣ ምስጢር፣ የግሪክ ፊደል! ነገሩ ግን ሲገለጥ አብሮት ያደገ ነገር ሆኖ ያገኘዋል፦ ማኅበር ነው። መዋጮ አለው፣ የስብሰባ ቀን አለው፣ ሹም አለው፣ ሲያገባ አብሮ የሚጨፍር ሲሞት የሚቀብር አለው። የጽዋ ማኅበር ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ ሁሉ፣ እዚህም እናቷ የነበረችበትን ማኅበር ተከትላ የምትገባ ብዙ ናት።

የወንዶቹ ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል። የግሪክ ፊደል ስም የመያዙ ልማድ የተጀመረው በ1776 ቨርጂኒያ በሚገኘው የዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህ ማኅበራት ለረጅም ዘመን በራቸውን ለጥቁር ተማሪ ዘግተው ቆዩ። በታኅሣሥ 1906፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ። በዚያ ግቢ ጥቁር ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከእነሱ በፊት የመጡት አንዳንዶቹ አቋርጠው ሄደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰባሰቡት ለጭፈራ አልነበረም፤ አብሮ ለማጥናትና አንዱ ሌላውን እንዳይወድቅ ለመያዝ ነበር። ከሰባቱ አንዱ ቨርትነር ታንዲ ኋላ የታወቀ አርክቴክት ሆነ፤ ዩጂን ኪንክል ጆንስ ደግሞ ለጥቁሮች መብት የቆመው የናሽናል አርባን ሊግ መሪ።

ዛሬ እንዲህ ያሉት ታላላቅ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት ዘጠኝ ናቸው፤ አምስቱ የተወለዱት እዚሁ ሃዋርድ ግቢ ነው። ዴልታ ሲግማ ቴታን በጥር 1913 የመሠረቱት 22 ሴቶች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በዋሽንግተን በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ ወጡ። አዲስ ገቢ ከሚሸመድዳቸው ታሪኮች አንዱ ይህ ነው።

በየዩኒቨርሲቲው ያለው ቅርንጫፍ ቻፕተር ይባላል። የአንድ ቻፕተር ኑሮ ከውጭ ሲታይ ቀለም፣ ጃኬትና ርግጫ ብቻ ይመስላል። እኔን የሚማርከኝ ግን ማንም ፎቶ የማያነሣው ክፍሉ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሌላው ከጓደኞቹ መዋጮ ይሰበስባል፣ ደረሰኝ ያስቀምጣል፣ ያልከፈለውን የቅርብ ወዳጁን «እስከ ዓርብ አምጣ» ማለት ይማራል፤ ይህ ደግሞ ስንቱ ጎልማሳ የሚያፍርበት ሥራ ነው። አዳራሽ ያስፈቅዳሉ፣ መራጮችን ያስመዘግባሉ፣ ሁለት የተኳረፉ አባላትን ያስታርቃሉ። አብረው የገቡት «ላይን ብራዘር» ይባባላሉ፣ የሰልፍ ወንድም እንደማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ራሱን ሲያስተዋውቅ የገባበትን ወቅትና የሰልፍ ቁጥሩን ጠርቶ «ስፕሪንግ 96፣ ቁጥር 3» የሚል ሽማግሌ ብታገኙ አትደነቁ።

የዚያኑ ያህል የከፋም አለ። አዲስ ገቢን «ለማጠንከር» ተብሎ መደብደብ፣ እንቅልፍ መንሳት፣ በመጠጥ ማስከር ሕይወት አጥፍቷል፤ በነጮቹም በጥቁሮቹም ማኅበራት። በ1989 አትላንታ ውስጥ አንድ ተማሪ በእንዲህ ያለ መግቢያ ላይ ከሞተ በኋላ፣ በ1990 የጥቁሮቹ ማኅበራት አዲስ ገቢ አባል ከመሆኑ በፊት የሚፈተንበትን የቀድሞውን የቃል ኪዳን ጊዜ በይፋ ሰርዘው አጭርና በወረቀት የሚመራ አገባብ ተኩ። ድብደባው ግን ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም፤ እንዲያውም በወረቀት ብቻ የገባውን ልጅ የሚንቁ ታላላቆች ተፈጠሩ፣ ልጁም እንዳይናቅ ብሎ ራሱ ዱላውን ይፈልጋል። ምስጢሩ የሚያስተሳስራቸውን ያህል ክፉውንም ይሸፍናል። በታኅሣሥ 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን በደል ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

ታዲያ ለምን ይገባሉ? መልሱ ከምርቃት በኋላ ነው ያለው። ግቢውን ጨርሶ የወጣ አባል በሚኖርበት ከተማ የጎልማሶች ቻፕተር ይጠብቀዋል፤ ዋናው ሥራም የሚሠራው እዚያ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ አልፋ ፋይ አልፋን የተቀላቀሉት በቦስተን ተማሪ ሳሉ ነበር። በ1984 ወንድሞቻቸው በዋሽንግተን ሐውልት እንዲቆምላቸው ሐሳብ አነሡ፤ ኮንግረሱ በ1996 ፈቀደ፣ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ፣ ሐውልቱ በ2011 ቆመ። ስንቱ ሐበሻ የታክሲ ሾፌር ቱሪስት ያመላለሰበት ያ ነጭ ድንጋይ ከአንድ የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የወጣ ነው። ካማላ ሃሪስ ደግሞ በ1986 ሃዋርድ ላይ አልፋ ካፓ አልፋ ሶሮሪቲ ገብተው ነበር። በ2020 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲታጩ በሺዎች የሚቆጠር የ19.08 ዶላር ስጦታ ጎረፈ። ገንዘብ ያዡ ግራ ሳይጋባ አልቀረም፤ 1908 ሶሮሪቲው የተመሠረተበት ዓመት ነው።

ቻፕተሮቹ የሚሰየሙት በግሪክ ፊደል ተራ ነው። በአልፋ ፋይ አልፋ ዘንድ ኮርኔል አልፋ ነው፣ ሃዋርድ ቤታ፤ ኪንግ የገቡበት ሲግማ ይባላል። ፊደሉ ሲያልቅ ሁለት ሁለት እያጣመሩ ይቀጥላሉ። ኦሜጋን ግን ለማንም ዩኒቨርሲቲ፣ ለማንም ከተማ አልሰጡም። አንድ አባል ሲያርፍ ሞተ አይሉም፤ «ወደ ኦሜጋ ቻፕተር ገባ» ይላሉ። ወንድሞቹ ጥቁር ለብሰው ሬሳውን ከበው ይቆማሉ፤ የራሳቸውን ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ለቤተሰቡና ለቄሱ ቦታ ይለቃሉ።