ምግብና ትኩረት፦ የሚቅበጠበጠውን ተማሪ በትክክል ስለ መረዳት

ትምህርት በሕፃኑ አእምሮ ላይ የሚዘራ ዘር ከሆነ፣ ዘሩ የሚያርፍበትን መሬት አስቀድሞ መመርመር የመምህሩና የዕቅድ አውጪው የጋራ ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ትኩረት በማጣትና ከልክ በላይ በመቅበጥበጥ የሚታወቀውን፣ ባለሙያዎች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚሉትን ችግርና ከምግብ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ችግሩ ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉን እንደሚያገኝ ይገመታል። ይህም 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 3 ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል፤ የጀመረውን አይጨርስም። በመሆኑም ባለጌ ተብሎ ይቀጣል፣ በመጨረሻም ትምህርቱን ይተዋል። የችግሩ ዋነኛ መነሻ ግን በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ አሠራር ልዩነት እንጂ የወላጅ ስንፍና ወይም የምግብ ዓይነት አይደለም።

ስኳር ልጆችን ያቅበጠብጣል የሚለው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ አልተደገፈም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት አንዳንድ ሰው ሠራሽ የምግብ ቀለሞች ከሶዲየም ቤንዞኤት ጋር ሲሰጡ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ መቅበጥበጥን በመጠኑ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ስለዚህ ባለቀለም ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ቢቀነስ ይመረጣል፤ ፈውስ ተብሎ ግን ተስፋ ሊሰጥበት አይገባም።

ለአገራችን ክብደት ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም ርኃብና የንጥረ ነገር እጥረት ይህን ችግር መስለው መታየታቸው ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎ፣ ጤፍና ስንዴ በብዛት ይመረታሉ። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ ግን 38 በመቶ ነበር። ጎተራ መሙላቱ ገበታው የተመጣጠነ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ይደክማል፣ ሐሳቡም ይበተናል። የአዮዲን እጥረት ደግሞ ከመወለድ አስቀድሞ የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል፤ በ2003 ዓ.ም. የጨው አዮዲን ደንብ የወጣውም ይህን ለመከላከል ነው።

መፍትሔው በአብዛኛው ከደጃችን ይገኛል። እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስር ወይም ከባቄላ ጋር፣ ጎመንና ዱባ፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ለልጁ በቂ ገበታ ይሆናሉ። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር ሰውነት ብረትን በተሻለ ሁኔታ ይቀበላል፤ ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ይህንኑ ያውካሉ። ግብጦ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን ተቆልቶ ለብዙ ቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ፈጽሞ መውጣት አለበት። በጾም ወራት ጥራጥሬውን ማብዛት ያስፈልጋል። አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ ተቀምጦ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ኃይሉ አይባክንም።

ከዚህ የተነሣ መምህሩ በልጁ ላይ ከመፍረዱ በፊት ቁርስ በልቶ እንደ መጣ፣ ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘ፣ እንቅልፉን፣ ዓይኑንና ጆሮውን ይጠይቅ። ጠግቦና አርፎ እያለም ችግሩ በቤትም በትምህርት ቤትም ከ6 ወር በላይ ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም ይላክ። በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ሊቀንስ ስለሚችል አስቀድሞ ቢበላ ይበጃል። ዕቅድ አውጪዎችም የትምህርት ቤት ምገባን፣ የጓሮ አትክልትንና የዕረፍት ሰዓትን ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አያይዘው ሊያቅዱ ይገባል። የተራበውን ልጅ በሽተኛ፣ እርዳታ የሚያሻውንም ባለጌ ብሎ መሰየም ሁለቱንም ከትምህርት ገበታ ማራቅ ነውና።